የታጠፈው ክንድ

ከጅዳ የተመለሰችው የጎረቤታችን ልጅ ቤት እያሠራች ነው። ባለፈው ማክሰኞ የደረጃዋን እብነ በረድ የሚቆርጡት ልጆች ማሽናቸውን ሲያስነሡ ነጩ ብናኝ አጥሩን ተሻግሮ መጥቶ አጥቤ ያሰጣሁት ልብስ ላይ ሰፈረ። ልቆጣ ወጣሁ። ነገር ግን ውሃ የነካው የእብነ በረድ ዱቄት ሽታ፣ ያ እንደ ርጥብ ኖራ አፍንጫን የሚይዘው፣ ደጃፉ ላይ ገትሮ አስቀረኝና ቁጣዬን ስልሳ ዓመት ወደ ኋላ ይዞት ሄደ፤ እዚሁ መካነ ሰላም፣ ጤና ጣቢያው ግቢ፣ አባቴ ጠርቦት የአባቴ ስም ወደሌለበት ሐውልት። ዘንድሮ ግቢው እየታደሰ ነው፤ ሐውልቱም አዲስ ሰሌዳ ይሠራለታል ተብሏል። አሁን ስሙ ካልተጻፈ መቼም አይጻፍም።

አባቴ ሽፈራው ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ወፍጮ ይጠርባል፣ የመቃብር መስቀል ይጠርባል፤ ከወግዲና ከአጅባር ድረስ በቅሎ እየላኩ ይወስዱት ነበር። ፊደል አያውቅም። ድንጋዩን በመዶሻው ጫፍ ቆርቆር አድርጎ ጆሮውን ይደግንና፣ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ ጥቂት ቆይቶ፣ «ይቺ ደህና ናት» ወይም «ይቺ ውስጧን ታማለች» ይላል። እኛ ልጆቹ ከጀርባው ሆነን የታናሽ ወንድማችንን ሆድ እየቆረቆርን «ይኼ ውስጡ ባዶ ነው» እያልን በሳቅ እንፈርስ ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ ነጋዴ ለእናቱ መታሰቢያ ጤና ጣቢያው ፊት ለፊት የእናት ሐውልት አቆማለሁ አለና ከአዲስ አበባ ቀራፂ አስመጣ። ሠዓሊው እንለው ነበር፤ ለሙያው ሌላ ስም አናውቅም። ቀጭን፣ መነጽራም፣ በርጩማ ላይ መቀመጥ የማይሆንለት፣ ቃሪያ በቀመሰ ቁጥር የሚያለቅስ ሰው ነው። ከእብነ በረዱ ጋር በጭነት መኪና የጄሶ ሴት ይዞ መጣ፤ ቀኝ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ዋንጫ ታቀርባለች። ሐሳቡ የእሱ ነው፣ ጄሶው የእሱ ነው። ያን ወደ ድንጋይ የሚያሻግር እጅ ሲያፈላልግ ወደ አባቴ መሩት።

ሰባት ወር አብረው ሠሩ። በጄሶዋና በድንጋዩ አናት ላይ እንጨት አጋድመው ቱምቢ፣ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ክር፣ አንጠለጠሉ፤ ሠዓሊው ከክሩ እስከ ጄሶዋ አፍንጫ ያለውን ርቀት ለክቶ ይጠራል፣ አባቴ ድንጋዩ ላይ ልክ ያንኑ ያህል በመሮው ይገባል። ትርፉን የሚያወርደው አባቴ ነው፤ ፊቷ ላይ ሲደርሱ ሠዓሊው ትንሿን መሮ ይቀበለዋል፣ አባቴ ደግሞ ከጎኑ ቆሞ ብናኙን እፍ ይልለታል። እናቴ በርጥብ አሸዋና በጆንያ ቁራጭ እያሸች ታለሰልሳለች፣ እኔ ውሃ አፈስላታለሁ፤ ከድንጋዩ ቀድሞ የእናቴ ጣት ለሰለሰ። ሁለቱ ወንዶች ከአንድ ገበታ ይበላሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሁለቱም ከራስ እስከ እግር ነጭ ስለሆኑ ከሩቅ ላያቸው የትኛው ሠዓሊ የትኛው ጠራቢ እንደሆነ አይለይም ነበር።

ክንዷ ላይ ሲደርሱ አባቴ ቆመ። ቆረቆረ፣ ጆሮውን ደገነ፣ ደግሞ ቆረቆረ።

«ክርኗ ላይ ታማለች። ከዘረጋናት ትሰበራለች።»

«ኧረ ጋሽ ሽፈራው፣ ምንም አይታየኝም!»

«አይታይማ! መነጽርህን ጆሮህ ላይ አድርገው።»

ሦስት ቀን ተኳረፉ። ሠዓሊው ዋንጫዋ ከሌለች የእኔ ሥራ አይደለችም አለ። በአራተኛው ቀን አባቴ ከሰል አንሥቶ ድንጋዩ ላይ ሌላ ክንድ ሣለ፤ ታጥፎ መዳፉ ደረት ላይ ያረፈ፣ እናቴ ሲደክማት ቆም ብላ እንደምታደርገው። ሠዓሊው ቀርቦ አየውና የጄሶዋን የተዘረጋ እጅ በገዛ መዶሻው ሰብሮ አባቴን አቀፈው። አይቻለሁ፤ ውሃ እንደያዝሁ እዚያው ነበርሁ።

ሐውልቱ የተመረቀ ዕለት ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንድ ሹም እጇ ደረቷ ላይ ስለምን ሆነ ብለው ጠየቁ። ሠዓሊው መነጽሩን አስተካክሎ፣ እናት የራሷን ሕመም ደብቃ የሌላውን የምትታመም ናትና ይህን ላሳይ ብዬ ብዙ ሌሊት አስቤ ያገኘሁት ነው አለ። ብዙ ሌሊት! ሕዝቡ አጨበጨበ። አባቴም አጨበጨበ። እጅጌውን ጎትቼ «አባባ፣ ያንተ እኮ ነው!» ብለው ጎንበስ ብሎ «አብሽሪ ልጄ፣ ዋናው አልተሰበረችም» አለኝ። ከሥሯ የተለጠፈው ሰሌዳ የነጋዴውንና የሠዓሊውን ስም ይዟል። የእናቴንማ ማን ያስታውሳል። በሠዓሊው ነደድሁ፤ ይበልጥ የነደድሁት ግን በሚያጨበጭቡት የአባቴ እጆች ነው።

በዓመቱ ደብዳቤ መጣ። አራተኛ ክፍል ስለነበርሁ የቤቱ አንባቢ እኔ ነኝ። ድምፄን ሳላወጣ አስቀድሜ አነበብሁት። ሠዓሊው፣ ክንዷን ያጠፍኸው አንተ ሆነህ ሳለ በዚያ ቀን አፌ ከዳኝ፣ እስከ ዛሬ አፍራለሁ ይላል። ሌላ ድንጋይ አግኝቻለሁ፣ ያላንተ ጆሮ አልነካውም፣ የሁለታችን ስም ይጻፍበታል፣ እባክህ ና ይላል። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ አፍ አፌን ያያል። እኔ ያንን ሁሉ ዘልዬ፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኔ ደህና ነኝ ብዬ አነበብሁለት።

«ሌላስ?» አለኝ።

«ሌላ የለም።»

ወስዶ ደግሞ እንዳያዋርደው ብዬ ነው። ለአባቴ የፈረድሁለት መስሎኝ ነበር። ዘወር ሲል ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት።

ከዚያ በኋላ አባቴ የሞተር ወፍጮ እስኪመጣ ድረስ ወፍጮ ጠረበ። ገበያ ሲወርድ ጤና ጣቢያው ጋ ቆም ብሎ ክርኗን በጣቱ ይቆረቁርና «ሠዓሊው ምነው ረሳኝ?» ይለኛል። የከተማ ሰው እንዲህ ነው እለው ነበር፤ እስኪሞት ድረስ እንዲሁ አልሁት።

ባለፈው ወር የሰሌዳውን ጉዳይ ወደያዘው ልጅ ሄድሁ። ወንበር ሰጥቶ፣ ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ «እማማ፣ ጋሽ ሽፈራው መሥራታቸውን የሚገልጽ አንድ ጽሑፍ ካለዎት ዛሬውኑ አስገባዋለሁ» አለኝ። ጮኼበት ወጣሁ። እሱ ምን አጠፋ? ሠዓሊው እውነትን አንድ ቀን ደበቀ፣ በዓመቱ በእጁ ጽፎ መለሰ። እኔ፣ ለሰው ሁሉ የአባቴ ፍርድ ጎደለ ስል የኖርሁት፣ ስልሳ ዓመት ደበቅሁ። የት እንዳለ የማላውቀው ያ ሁለተኛው ድንጋይ ሳይጠረብ ቀርቷል ወይም ሌላ ሰው ጠርቦታል። አባቴ ማንበብ ቢችል ኖሮ በማግስቱ ይሄድ ነበር።