ነጠላ ዜማችን በሁዳዴ

ከየጁቤ ወደ ማርቆስ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ማለዳ ነው። የበልግ ጉም መንገዱን ውጦታል... ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ ደገፍ አድርጌ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል የራሴን ጊታር ሰማሁ።

በህልሜ መሰለኝ። ዓይኔን ገለጥኩ። ከጉም በቀር የሚታይ የለም፣ ጊታሬ ግን ይሰማል። ቴፑ ላይ የተሰካው ፍላሽ ነው የሚዘፍነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ማርቆስ ውስጥ ሦስት ሆነን ሮክ እንጫወት ነበር። አዎ፣ ሮክ። ማርቆስ። አትሳቁ! ዓመት ሙሉ ለፍተን አንዲት ነጠላ ዜማ ቀዳን። ዘፋኛችን ግጥሙ አላልቅ ቢለው ከዳር እስከ ዳር በማንጎራጎር ጨረሰው። ከዚያ ስልክ ላይ ዘፈን ለሚጭኑ ሙዚቃ ቤቶች ፋይሉን አደልን።

መቼ ቢሆን ጥሩ ነው? የሁዳዴ ዋዜማ! አይ የኛ ነገር... በዚያ ሰሞን ሙዚቃ ቤቶች ዘፈኑን ሁሉ ከኮምፒውተራቸው ገለል አድርገው በመዝሙርና በበገና ይሞሉታል። እስከ ፋሲካ ዘፈን የሚያስጭን ሰው የለም። አንድ ወር ጠበቅን፣ ሰማሁት ያለን አንድ ሰው ጠፋ። ጭራሽ የጁቤ ድረስ ሄጄ ባለሙዚቃ ቤቱን ብጠይቀው «ወንድሜ፣ በሁዳዴ ማን ዘፈን ይሰማል?» አለኝ። በቃ፣ ባንዱ ይፍረስ ልላቸው ቆርጬ ነው ወደ ማርቆስ የተሳፈርኩት።

እና ይኸው ጊታሬ! ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ከፊቴ ጥቁር የለበሱ እናት ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል።

«ይቺ በገና እኮ አንጀት ትበላለች» አሉ።

በገና?!

«መናኝ ነው አሉ የሚደረድራት» አለ ሹፌሩ። «ዋሻ ውስጥ ነው አሉ የሚኖረው። እኔም በገና ከሚለው ፎልደር ነው ያስጫንኩት።»

ያን ጊዜ ገባኝ። መግቢያው ላይ ጊታሩን ድምፅ በሚያሻክረው ዲስቶርሽን እዝዝዝ እንዲል አድርገነው ነበር። ፋይሉ ላይ ስማችንን እንኳ አልጻፍንም። አንዱ ሙዚቃ ቤት ለአፍታ ከፍቶ ሰማና በገና ውስጥ ከተተው። እኔ ደግሞ ጠጉሬን አንጨብርሬ፣ የራስ ቅል ያለበት ቲሸርት ለብሼ፣ መናኝ ሆኜ አረፍኩት!

«ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እሷን ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ስሰማት ግን መሃሏ ሳይደርስ ሸለብ ያደርገኛል» አሉ እናትየው።

ደስ አለኝ፣ ደግሞም አፈርኩ። እኔ ነኝ ብዬ ልጮህ አማረኝ። ግን እኒህን ሴትዮ በጾም በዘፈን ሲያለቅሱ ከረሙ ብዬ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? ሚኒባሱ ጉሙ ውስጥ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ መሬት የሚነካም አይመስልም። የዘፋኛችን ድምፅ ከሩቅ፣ ከሰማይ እንደሚመጣ ሆኖ ተሰማኝ። እንደዚያ አምሮ ሰምቼው አላውቅም።

ድንገት ትዝ ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ። ድራሙ! አራተኛው ደቂቃ ላይ ድራሙ ይገባል፣ ጊታሩም እሪ ይላል። አለቀልኝ!

ልክ ሊገባ ሲል ሹፌሩ ጠቅ አድርጎ አጠፋው።

«ከዚህ በኋላ ቫይረስ ገብቶበታል» አለ።

ቫይረስ! ዓመቱን በሙሉ የለፋንበት እሱ እኮ ነው። ሳቅና ንዴት አንድ ላይ አነቁኝ።

አጠገቤ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሃል ያቆሙ መሪጌታ አሉ።

«ተወው፣ ይጨርስ» አሉ።

«ይቅርብዎ የኔታ፣ ጆሮ ይበጥሳል።»

«ይጨርስ አልኩህ።»

ሹፌሩ ከፈተው። ድራሙ ወረደ፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። እናትየው አማተቡ።

«የኔታ፣ ምንድን ነው ይኼ?»

«ይታገላል» አሉ መሪጌታ።

«ከሰይጣን ጋር?»

«ሰው ብቻውን ሲሆን የሚታገለው መች ያጣል።»

መጨረሻው ላይ ድራሙ ይቆምና ማንጎራጎሩ ብቻ ይቀራል። እናትየው ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ።

«አሸነፈ?»

«ድምፁን እየሰማሽው አይደል?»

«እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!» አሉና እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ፣ ምን ልደብቃችሁ።

መናኸሪያ ስንወርድ መሪጌታ እጅጌዬን ያዝ አደረጉኝ።

«ከዜማው ቀድሞ ጣትህ ጉልበትህ ላይ ይመታ ነበር» አሉኝ በቀስታ። «ያልተማረውን ቀድሞ የሚመታ ሰው አላየሁም።»

ክው አልኩ። «ይቅር ይበሉኝ የኔታ፣ አስበን አይደለም... ታዲያ መናኝ ነው ሲባል ለምን ዝም አሉ?»

«መናኝ ነው ያለው ሹፌሩ ነው። እኔ ይታገላል ነው ያልኩት። አልታገልክም?»

«ታግያለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ሴትዮዋን ተዋት፣ ትስማ። አንተም እጅህን አትሰብስብ።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ጥቂት ራመድ አሉና ዞሩ።

«ሰይጣኑን ግን አበዛኸው።»

ባንዱ አልፈረሰም... ድራሙ ብቻ ተቀነሰ።