አንዴ ጢጥ «አዎ»፣ ሁለቴ ጢጥ «የለም»

መምህርት እስከዳር ንብረት ዓይነ ስውር በመሆኗ ተናድዳ አታውቅም። ሽንዲ አጠገብ ባለች የገጠር ቀበሌ ከተወለደች ጀምሮ አብሯት ያለ ነገር ነው፤ ተለማምደዋል። የሚያናድዷት ዓይን ያላቸው ሰዎች ናቸው። በተለይ ሊረዷት ቆርጠው የተነሡ ዕለት።

ፍኖተ ሰላም ከተማ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሥራ አንደኛ ክፍልን የዜግነት ትምህርት ማስተማር ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ከኋላ ወንበር ማን ማስቲካ እንደሚያኝክ ሳይቀር ለይታ ታውቃለችና ተማሪዎቿ አይቀልዱባትም። በጽሕፈት ቤቱ ጥግ የተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ዘንድሮ ለሷ የተሰጠ ነው። ከሷ በቀር የሚደፍረውም የለም፤ ምክንያቱም ይናገራል። የጻፈችውን እያንዳንዱን ፊደል፣ የከፈተችውን እያንዳንዱን መስመር በቆርቆሮ ድምፁ ያነብላታል። የጫነችበት ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ነው፤ ማውስ አትነካም፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ነው የምታሠራው። አንዲት መስመር ስትጽፍ ማይክሮፎኑ መቅዳት ይጀምራል፣ ተማሪዎች የመማሪያ መጽሐፉን እየተቀባበሉ ያነቡላታል። ሌላ መስመር ስትጽፍ ደግሞ የተቀዳው ይሰማል፤ ስትቸኩል በእጥፍ ፍጥነት።

ይህ ኮምፒውተር የመጣው ከአንድ ውርደት በኋላ ነው። አምና የማጠቃለያ ፈተናዋን በቃል እየነገረች ያስጻፈችው አንድ ባልደረባዋ፣ አምላክ ይይለትና፣ «ላሳምርልሽ ብዬ ነው» ብሎ ሰባተኛውን ጥያቄ አስተካከለው። ሲያስተካክለው ትክክለኛው መልስ ከምርጫው ውስጥ ወጣ። ክፍሉ በሙሉ ሳተ፤ ወላጆች ጮኹ። መምህራኑ ስብሰባ ላይ ያሉት ግን «ምን ታድርግ፣ አታይም» ነበር። ሰባተኛውን ጥያቄ ያበላሸው ሰው ሁለት ጤነኛ ዓይኖች እንዳሉት ያስታወሰ አልነበረም። ያቺ «ምን ታድርግ» እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣችም።

ስለዚህ ዘንድሮ ርእሰ መምህሩ አቶ ስመኘው ዘንድ ገብታ ቃል ተቀበለች። ፈተናዋን ራሷ ጽፋ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ታስረክባለች። ካልደረሰላት ግን ያለው የተባለው ሌላው የዜግነት ትምህርት መምህር ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላም የሷን ክፍል ፈተና የሚያወጣው እሱ ይሆናል። ሐሙስ ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ከአርባው ጥያቄ ሠላሳ አራቱን ጨርሳለች።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቁጭ ብላ ማብሪያውን ተጫነች። ማሽኑ «ጢጥ» አለ፤ ማራገቢያው አጉረመረመ። ከዚያ የቆርቆሮው ድምፅ መምጣት ነበረበት። አልመጣም።

ጠበቀች። በልምድ የምታውቃቸውን ቁልፎች ተጭና የትእዛዝ መጻፊያውን ከፈተች፣ ድምፅ ማጉያውን የሚፈትሸውን ትእዛዝ ጻፈች። ጭጭ። ትእዛዙን ተሳስታ ጽፋው ይሁን፣ ማሽኑ አልሰማ ብሏት ይሁን፣ ድምፁ ሞቶ ይሁን የምታውቅበት መንገድ የላትም። እንግዲህ ፍረዱ፦ ድምፁ ለምን እንደጠፋ የሚነግራት ያው የጠፋው ድምፅ ነው!

ጸሐፊዋ ወይዘሮ ዓባይነሽ ከፊት ለፊቷ ነበሩ።

«እትዬ ዓባይነሽ፣ እባክዎ ስክሪኑ ላይ ያለውን ያንብቡልኝ።»

ወይዘሮ ዓባይነሽ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። «ጥቁር ነው፣ እቴ።»

«ጥቁሩ ላይ የተጻፈውንስ?»

«እሱ ነጭ ነው።»

እስከዳር ትንፋሿን ሰበሰበች። «ምን ይላል?»

«ኧረ እንጃልኝ! ብዙ ነው የሚለው። እንግሊዝኛ ነው፤ ቁጥርም ቢጤ አለበት።»

«ግድ የለም፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ይጥሩልኝ።»

«ኤስ… ፒ… ኢ… ኧረ አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ቁርስ ቀምሰሻል? ፊትሽ ገርጥቷል።»

ኮምፒውተር አስተማሪው ክንፈሚካኤል ለሥልጠና ቡሬ ሄዷል፤ ደወለችለት። መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቋርጦ በአራተኛው ተገኘ።

«ድራይቨሩ ነው» አለ ክንፈሚካኤል፣ ሰምቷት ሳይጨርስ። «ድምፅ የሚያወጣውን ሳውንድ ካርድ ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው እሱ ነው፤ አንዳንዴ ይወልቃል። አጥፍተሽ አብሪው።»

አጥፍታ አበራችው። ያው።

«እንግዲያው ድራይቨሩን ነቅለሽ እንደ አዲስ ጫኚው። ቀላል ነው፣ ስክሪኑ ላይ የሚመጣልሽን እያየሽ…»

«ክንፈሚካኤል!»

«ውይ፣ ይቅርታ። በቃ ሰኞ ስመጣ አየዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋችው። ሰኞ ፈተናው ነው።

አራት ሰዓት ላይ መምህር ያለው በበሩ ብቅ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ መሳደብ ይቻል ነበር። «ሰማሁ እኮ። አትጨነቂ፣ የኔዎቹን ጥያቄዎች ትንሽ ነካ ነካ አደርጋቸውና ላንቺም ክፍል ይሆናሉ» ብሏት ሄደ። አምስት ሰዓት ላይ ራሳቸው አቶ ስመኘው መጥተው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ።

«አይዞሽ መምህርት። ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

«ስምንት ሰዓት አልሞላም፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ግን እልህ ምን ያደርግልሻል? ብለሽ ብለሽ አልሆነም። ማንም አይፈርድብሽም።»

ማንም አይፈርድብሽም ማለት ማንም ከቁም ነገር አይቆጥርሽም ማለት እንደሆነ እስከዳር ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃለች። እሳቸው ሲወጡ ወይዘሮ ዓባይነሽ ሁለት ሙዝ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት። ሙዝ! የጠየቀችው ስክሪኑ ላይ ያለው እንዲነበብላት ነው፤ እስካሁን ያገኘችው ማባበል፣ ሙዝና የክንፈሚካኤል ሰኞ ነው። ዕንባዋ መጣ፤ የሐዘን አልነበረም፣ የንዴት ነበር። ማብሪያውን እንደ ጠላት ዓይን ተጭና አጠፋችው፣ መልሳም አበራችው።

«ጢጥ» አለ ማሽኑ።

እጇ በአየር ላይ ቀረ።

ይቺ ጢጥታ ጠዋትም ነበረች። ከድምፅ ማጉያው አይደለም የምትመጣው፤ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ ከተለጠፈች የሸሚዝ ቁልፍ ከምታክል ነገር ነው። ከሳውንድ ካርዱ ጋርም ሆነ ከሱ ድራይቨር ጋር ምንም ጉዳይ የላትም። ድምፁ ቢሞትም ጢጥታዋ በሕይወት አለች ማለት ነው። ይህን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሳታስበው መቅረቷ በራሷ ላይ አናደዳት።

መጻፍ ጀመረች። ትእዛዙ አጭር ነው፦ የምጠይቅህን ፈልግ፤ ካገኘኸው አንዴ ጢጥ በል፣ ካጣኸው ሁለቴ። መጀመሪያ መልሱን የምታውቀውን ጥያቄ ሰጠችው። ዛሬ ዓርብ ነው?

ጢጥ።

«ተባረክ!» አለች ጮክ ብላ።

«አሜን» አሉ ወይዘሮ ዓባይነሽ፣ ለማን እንደተባለ ባያውቁም።

ሳውንድ ካርዱ ይታይሃል? ጢጥ። ድራይቨሩስ ተጭኗል? ጢጥ። ያ ክንፈሚካኤል! ንቀይው ሲላት ነቅላው ቢሆን ኖሮ ጤነኛውን ገድላ ነበር። ድምፁ እስከ ዜሮ ወርዷል? ጢጥ፣ ጢጥ። አልወረደም። እንግዲያው ድምፁ ተዘግቷል? ምንም የለም። አንዴም ሁለቴም አላለም። ጣቶቿን ጠርጥራ መስመሩን እንደገና፣ በዝግታ ጻፈችው።

ጢጥ።

ተዘግቷል። አልታመመም፣ አልወለቀም። አንድ ሰው ዝም አሰኝቶታል፤ በቃ። የሚከፍተውን ትእዛዝ ጽፋ ስትጨርስ የቆርቆሮው ድምፅ እንደ ጡሩምባ ጮኸና ራሱን ትእዛዙን አነበበላት። ወይዘሮ ዓባይነሽ «በስመ አብ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ማን ነው የዘጋው?» አለች እስከዳር። ከሷና ከሳቸው በቀር እዚህ ክፍል የሚውል የለም።

ወይዘሮ ዓባይነሽ ተመልሰው ተቀመጡ። «ትናንትና አንቺ ክፍል እያለሽ ከዞን እንግዶች መጡ። እሱ ደግሞ ብቻውን ይለፈልፋል። አፈርሁ፣ እቴ። ያቺን ስክሪኑ ላይ ያለች የጡሩምባ ሥዕል ስነካት ዝም አለልኝ። ሲጠፋና ሲበራ በራሱ የሚመለስ መስሎኝ…»

«ትናንት ማታ ከክፍል ተመልሼ ላጠፋው ስል ዝም ቢለኝ ‹ደክሞት ነው› ብዬ አጠፋሁት፤ እሱ ይሁን። ዛሬ ጠዋት ግን ሥዕሏ እዚያው ነበረች?»

«ነበረች። በቀይ መስቀል ተሰርዛ፣ ከታች ጥግ ላይ።»

«እትዬ ዓባይነሽ! ሦስት ሰዓት ሙሉ ያንብቡልኝ ስል!»

«ያንብቡልኝ ያልሽኝ ጽሑፉን አይደለም ወይ? ሥዕሉንማ አልጠየቅሽኝም» አሉ ወይዘሮ ዓባይነሽ፤ እውነታቸውን ነበር፣ ቅር ብሏቸውም ነበር።

እስከዳርን የሚያስቆጧት ብዙ ነገሮች ነበሩ፤ ሰዓቱ ግን ስድስት ሊሆን ነው። ስድስቱን ጥያቄዎች ጻፈች። አርባውንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነብባ አዳመጠች፤ ሰባተኛውን ሦስት ጊዜ። ከዚያ ማተሚያው እየተንገጫገጨ ሲያወጣ ገጾቹን በእጇ ቆጥራ ያዘች።

ለስምንት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው አቶ ስመኘው ቢሮ ገባች። መምህር ያለው ያዘጋጀው ፈተና ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ማኅተም እየጠበቀ ነበር፤ ርእሰ መምህሩ ወደ ጎን ሲገፉት የወረቀቱን ኮሽታ ሰማች። የሷን ተቀበሉ። ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«ጎበዝ! ጥሩ ተደርጎ ነው የተጻፈ። ማን ጻፈልሽ?»

የጠዋቱ ንዴት ሁሉ ተመልሶ እስከ ጆሮዋ ደረሰ። ድምጿን ግን አላነሣችም።

«ጋሼ፣ ሰባተኛውን ጥያቄ እባክዎ ያንብቡልኝ፤ ምርጫዎቹንም።»

አነበቡላት፤ ያን ቀን በትክክል ያነበቡላት የመጀመሪያው ሰው ነበሩ።

«መልሱ ከምርጫው ውስጥ አለ?»

አቶ ስመኘው ጥያቄውን ለራሳቸው በሹክሹክታ ደገሙት። አምናን እንዳስታወሱ ገባት። ጥያቄውን ለራሳቸው በሹክሹክታ ደገሙት።

«አለ» አሉ በመጨረሻ። «ሐ ነው።»

«እንግዲያው የጻፍሁት እኔ ነኝ» አለች እስከዳር፤ ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ እስክትሰማም ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።