ኮባ የለበሰው እሽግ

ጠይባ እናቷ፣ አላህ ይዘንላትና፣ የገበያ ቅቤ በኮባ ስትጠቀልል እያየች ነው ያደገችው። ዛሬ ቡታጅራ የማኅበር ሱቅ ውስጥ ወተትና ቅቤ ስትሸጥም፣ የሚጠቀለል ነገር ባየች ቁጥር እጇ ኮባ ይፈልጋል።

አንድ ቀን ድልድይ የሚሠራው ፈረንጅ፣ ቤቱ መብራት ቢጠፋበት፣ የታሸገ የአሳማ ሥጋ የሱቁ ፍሪጅ ውስጥ እንድታቆይለት ለመናት። እንግዳ መመለስ ከበዳት፤ በእጇ መንካትም ከበዳት። በኮባ ጠቅልላ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አኖረችው።

ከሰዓት አብሮ አደጓ አደይ ቅቤ ልትገዛ መጣችና ፍሪጁን ራሷ ከፍታ ጥቅሉን አነሳች።

«ይቺን ስጪኝ። አጠቃለልሽ የእናትሽን ይመስላል።»

«መልሺው አደይ፣ ቅቤ አይደለም። የፈረንጁ አሳማ ነው።»

አደይ አልጣለችውም። አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችውም።

«እኔ'ኮ የሚከረፋ ይመስለኝ ነበር።»

«ሳይሸት በፊት እጅሽን ታጠቢ።»

ሳቁ፤ የጠይባ ልብ ግን ደንግጧል። ሌላ ሰው ቅቤ ነው ብሎ ቤቱ ቢወስደው፣ ከዚያ ወዲያ ከዚህ ፍሪጅ ማን ይገዛል? ኮባውን ገፍፋ ጣለችና እሽጉን ክዳን ባለው ቀይ ባልዲ ከተተችው፤ ቢያንጠባጥብ እንኳ ሌላ ዕቃ አይነካም። መደርደሪያውንም እጇንም በሳሙና አጠበች። ከዚያ ለመጣው ሁሉ ባልዲው ውስጥ ያለውን ሳትደብቅ ነገረች።

ይሸሻሉ ብላ ፈርታ ነበር። እነሱ ግን እየተጠራሩ መጡ። «እስቲ ክዳኑን ትንሽ ገለጥ አድርጊልን» የሚለው በዛ። እሷ ግን አልከፈተችም። ሰውየው ማታ ባልዲውን ሊወስድ ሲመጣ፣ ለማየት የመጡት ባዶ እጃቸውን ላለመመለስ ስለገዙ የሱቁ ወተት አልቆ ነበር።