ወንዝ ዳር የተነደፈው ሳሎን

መስታወቴ ይሉታል፤ ከመስታወት ሌላ ግድግዳ ስለማያውቅ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ የሰው ቤት ፕላን ሲሠራ አንዱም ላይ ፊርማው የለም። እሱ ሥሎ ይጨርሳል፣ አለቃው ይመጣል፣ እስክሪብቶውን ያወጣል፣ ይፈርማል። ድካሙ የመስታወቴ፣ ምስጋናው የአለቃው። እኩል ተካፈሉ ማለት እኮ ነው!

አንድ ቀን ታዲያ አለቃው ጠራው።

"አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ወንዝ ዳር ዘመናዊ ቤት ይፈልጋሉ። ፕላኑን ካስወደድካቸው ባንተ ፊርማ ይውጣ።"

መስታወቴ በደስታ ሊያብድ! ሮጦ ቦታውን ለካ፤ ያውም በበጋ። በዚያ ቢሮ ወንዝ የሚለካው በበጋ ብቻ ነው፤ የአለቃው መኪና ጭቃ አትወድማ። ወንዙ ከስቶ ድንጋይ ሥር ተደብቋል። መስታወቴ "ምስኪን" ብሎ ሳሎኑን አፍንጫው ሥር ወሰደለት። ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት፣ ሦስት ደረጃ ወደ ውኃው፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ እግር መንከር ነው! የጎረቤት ቤቶች ሁሉ ዳገቱ ላይ ወጥተው ለወንዙ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። "ዲዛይን የት ያውቃሉ!" ብሎ አዘነላቸው።

አዋላጇ ፕላኑን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሲዘንብ ቦታው ላይ እንገናኝ፣ ልጄ።"

ዘነበ። ጃንጥላ ይዘው ተገናኙ። ወንዙ እያጓራ ይወርዳል።

"በል ንገረኝ፣ ሶፋው የቱ ጋ ነው?"

"እ... ያቺ የመኪና ጎማ ጋ።"

"የቷ? የምትሄደዋ?"

"አዎ እማማ። አሁን... ወደ ኩሽና ገባች።"

ስልኩ ጮኸ። አለቃው ነው። "አስፈርማቸው! ፓምፕ እንጨምራለን በላቸው!"

መስታወቴ ስልኩን ዘጋ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቃት ፊርማ እጁ ላይ ደርሳለች።

"እማማ፣ አይፈርሙ" አለ በመጨረሻ። "ቤቱ ቆንጆ ነው፤ ግን ይሰጥማል።"

"እሰይ! ይቺን እስክትል እኮ ነው ዝናቡን የቻልኩት። ስንቱን ያዋለድኩ ሴትዮ፣ እውነት ስታምጥ የማላውቅብህ መሰለህ? በል አሁን ሌላ ሥራልኝ።"

በሳምንቱ ከአለቃው ጋር ሌላ ፕላን ይዞ መጣ። ቤቱ ዳገቱ ላይ ወጥቷል፣ መሠረቱ ወፍራም ድንጋይ ነው፣ ወንዙን የሚያይ አንድ ሰፊ መስኮት ብቻ አለው።

"ይሄማ የጎረቤቶቹን ነው የሚመስለው!" አለ አለቃው።

"እነሱ አልረጠቡም" አሉ አዋላጇ። እስክሪብቶ አነሱና መልሰው አስቀመጡ። "የሠራው ልጅ ፊርማ የታለ?"

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። "እሱማ... በኋላ..."

"እንግዲያው እኔም በኋላ።"

ወረቀቱ ወደ መስታወቴ ተገፋ። በትልቁ ፈረመ፤ ፊርማው ከበረንዳው ተነሥቶ መኝታ ቤት ደረሰ።

"መታጠቢያ ቤቱን ሸፈንከው እኮ!" ብሎ አለቃው ጮኸ።

መስታወቴ መቼ ሰምቶት። ጎንበስ ብሎ ስሙን ያነባል።