ከአዲስ አበባ የመጣው የፔጆ ዳሽቦርድ

አያልነሽ መኪና መንዳት የተማረችው በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ሚናስ በሞተ በአራተኛው ወር፣ ቡናማው ፔጆ 504 ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ቆሞ አቧራ ሲለብስ ማየት አስጠላትና መንጃ ትምህርት ቤት ገባች። ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው አለፈች። ከዚያ ወዲህ በርበሬና ሽሮ አስፈጭታ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ላሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ራሷ እየነዳች ታደርሳለች። ስትመጣ ያዩዋት አስተናጋጆች በር ላይ ወጥተው፣ «እትዬ አያልነሽ መጡ! የአበባውን ማሰሮ አንሱ!» ይባባላሉ። ማሰሮውን አንድ ጊዜ ገጭታው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ።

የመኪናው ሞተር ጤነኛ ነው። የታመመው ዳሽቦርዱ ነበር። የናይሮቢ ፀሐይ ሃያ አምስት ዓመት ስለጠበሰው ላዩ ዘጠኝ ቦታ ተሰንጥቋል፤ ትልቁ ስንጥቅ ሦስት ጣት ያስገባል። ከሥሩ ያለው ስፖንጅም ደርቆ ይፈረፈራል። ሚናስ በሕይወቱ ሳለ ፎጣ ጣል ያደርግበትና «አሁን ማን ያየዋል?» ይል ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ፣ የናይሮቢ ብርድ ሲገባ፣ አንድ ጠዋት መስታወቱ በጉም ተሸፈነባት። ማሞቂያውን ስትከፍት ነፋሱ የስፖንጁን ፍርፋሪ አንሥቶ ዓይኗ ውስጥ ሞጀረው። ቲካ መንገድ ላይ ነበረች። በአንድ ዓይኗ እያየች ፍሬን ስትይዝ ከፊቷ ካለው የማታቱ ታክሲ ጋር የቀራት አንድ ክንድ ነው። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ በስዋሂሊ፣ «ማማ፣ ልትስሚን ነው እንዴ?» አላት።

ይህን ለልጇ ለዮፍታሄ መንገር አልነበረባትም። ግን ነገረችው።

«ማሚ፣ ኢናፍ!» አለ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገው ዮፍታሄ። «ይሄ መኪና ዓይንሽን ሊያጠፋው ነው። ገዢ አለኝ፣ ለስፔር የሚፈልገው።»

«አባትህ የነዳውን መኪና ሊቆራርጠው?»

«እና ምን ላድርግ? ዳሽቦርዱ አይሠራ!»

«ከተሠራስ?»

ዮፍታሄ ጭንቅላቱን አከከ። «ሰውዬው ጁላይ ሦስት፣ ቅዳሜ ነው የሚመጣው። የዚያን ቀን ጠዋት ማሞቂያውን ከፍተሽ፣ ዓይንሽን ሳትጨፍኚ ሁርሊንግሃም ካደረስሽኝ፣ ሳዋ፣ እሺ፣ አይሸጥም።»

አያልነሽ መኪናው ከተሸጠ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች፤ ወይ ጆንያ ታቅፋ ማታቱ ላይ መጋፋት፣ ወይ ልጇ እንደሚመኘው ቤት ተቀምጣ መጦር። ለሁለቱም ገና ነኝ ብላ ታምናለች።

ናይሮቢ ውስጥ ያሮጌ መኪና ዕቃ የሚሸጥበትን ቦታ ሁሉ አሰሰች። ያገኘቻቸው ዳሽቦርዶች ከእሷው የባሰ የተሰነጣጠቁ ነበሩ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ለሚኖሩት ለሚናስ ታላቅ ወንድም ለጋሼ ሐብተማርያም ደወለች። የሚፈለገውን በአሥራ አንድ ነጥብ ዘርዝራ ይዛ ነበር፦ የሞዴሉ ዓመት፣ ቀለሙ፣ ርዝመቱ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ብዛት፣ የሬዲዮው ቦታ ስፋት፣ ሌላም ሌላም።

«ይጻፉ፣ ጋሼ። አራተኛ …»

«እየጻፍኩ ነው። ቀስ በይ እንጂ፣ ፍርድ ቤት አስመሰልሽው እኮ!»

ጋሼ ሐብተማርያም ሶማሌ ተራን ስድስት ቀን ሲያስሱ ሰነበቱና በሰባተኛው ደወሉ። «ተገኘ! ጋራዥ ውስጥ የኖረ መኪና ነው፣ ፀሐይ የሚባል አያውቅም። ክሩስኮቱ፣ እናንተ ዳሽቦርድ የምትሉት፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው። አሥራ አንዱንም በሜትር ለክቼ አረጋግጫለሁ።»

ጋሼ እስከ ሞያሌ የላኩትን ዕቃ ያመጣችው ከሞያሌ ናይሮቢ ጨርቅ የምትነግደው ራሂማ ናት። በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በገመድ አስራ፣ በጭነት መኪና ያን ሁሉ የአቧራ መንገድ አብራው መጣች። የናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር የደረሰችው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ቅዳሜ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው።

«ሞያሌ ላይ ፈታሹ አስከሬን መስሎት ቆቡን አወለቀ» አለቻት ለአያልነሽ፣ ገመዱን እየፈታች። «ኧረ ፔጆ ነው ስለው ደግሞ፣ ‹እሱንም ነፍስ ይማር› አይለኝም!»

እዚያው ኢስሊ፣ ሶፋና የመኪና ወንበር የሚያለብሰው ኸባብ አሮጌውን ዳሽቦርድ ፈትቶ ይጠብቃቸው ነበር። ከአጠገቡ በቆርቆሮ ላይ የተከመረ ወረቀት አለ።

«እትዬ፣ ይሄ ከትልቁ ስንጥቅ ሥር የወጣ ነው። ልጣለው?»

አያልነሽ አንዱን አነሣችና ዘረጋችው። የከረሜላ ወረቀት ነው። ሁሉም የከረሜላ ወረቀት ነው። ሚናስ የስኳር ሕመም ነበረበት፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ጣፋጭ በአፌ አልዞረም እያለ ሲምልላት ኖሯል። ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ቆጠረችው። ሠላሳ ሰባት።

«ይሄ ሌባ!» አለች። «ለካ ፎጣውን የሚያለብሰው ለዚህ ኖሯል!» ወረቀቶቹን በመሐረቧ ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ኸባብ ከአዲስ አበባ የመጣውን ዳሽቦርድ ተሸክሞ ወደ መኪናው አስገባና ቦታው ላይ ሊያስቀምጠው ሞከረ። አወጣው። አዟዙሮ አየው። እንደገና አስገባው። ቀስ ብሎ ወጣና፣ «እትዬ አያልነሽ» አለ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሾፌሩ በየት በኩል ነው የሚቀመጠው?»

የፍጥነት መቁጠሪያው ቦታ በግራ ነው፤ የፔጆው መሪ በቀኝ።

ከዚያ አያልነሽ ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ጋሼ፣ መሪው እኮ በቀኝ ነው!»

«የምን በቀኝ? መሪ በቀኝ የሚያደርግ ማነው?»

«አገሩ በሙሉ!»

«ታዲያ በአሥራ አንዱ ውስጥ የለማ!» ብለው ጮኹ ጋሼ ሐብተማርያም። እውነታቸውን ነው። ናይሮቢ ሃያ ዓመት የኖረች ሴት፣ መንጃ ፈቃዷን እዚሁ ያወጣች ሴት፣ የብሎን ቀዳዳ ስትቆጥር ይህን ረስታዋለች። ራሂማ የስፖንጅ ክምር ላይ ተዘርራ ሆዷን ይዛ ትንፈራፈራለች። «ወላሂ፣ ከሞያሌ ጀምሮ አቅፌው የመጣሁት ግልብጡን ነው!» አያልነሽም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ሚናስ ቢኖር ይህን ለዓመት ሲያወራው እንደሚኖር አስባ ደግማ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ቅዳሜ ትዝ አላት።

ያልሳቀው ኸባብ ነው። በአውራ ጣቱ የዳሽቦርዱን ላይ እየተጫነ ከዳር እስከ ዳር ሄደበት።

«የውስጥ አጥንቱ ሌላ ነው። የላይ ልብሱ ግን ደህና ነው» አለ። «ይሄን ቡናማ፣ ይሄን ሽብሽብ ናይሮቢ ውስጥ ስፈልግ አምስት ዓመቴ። በሙቀት ልግፈፈው፤ መሃል ለመሃል ልክፈለው። የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ ይሄዳል። ከሥሩ አዲስ ስፖንጅ። የእርስዎው አጥንት እንዳለ ይቀመጣል። መሃሉ ላይ ብቻ ስፌት ይኖረዋል። ልደብቀው?»

«አትደብቀው። ቀጥ ይበል እንጂ።»

ሐሙስን ሙሉ ገፈፈ፣ ለካ፣ ቆረጠ። አርብ ለጁምዓ ሄዶ ተመለሰና ሰፋ። አያልነሽ ከአጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ስፌቱ ዘንበል ባለ ቁጥር «ኸባብ!» ትላለች፤ እሱም «አይቼዋለሁ፣ እትዬ፣ መርፌው ገና አልወጣም» ይላታል። አሥር ሰዓት ላይ ዳሽቦርዱ ቦታው ገባ። ስፌቱ በክር የተሰመረ ያህል ቀጥ ያለ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ብርዱ እንደ ጉድ ነው። ዮፍታሄ ከአጠገቧ ተቀምጦ ማሞቂያውን ራሱ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ሞቃት አየር እንጂ አንዲት ፍርፋሪ አልወጣችም። እሱ መንገዱን ትቶ የሚያየው ዓይኗን ነው፤ እሷም ታውቃለችና ከካሳራኒ ጀምሮ እንደ ጉጉት አፍጥጣለች።

«ማሚ፣ ኧረ ማርገብገብ ይቻላል።»

«ውልህ ውል ነው።»

ሁርሊንግሃም ሲደርሱ አስተናጋጆቹ እንደ ልማዳቸው ወጡ። «የአበባውን ማሰሮ አንሱ!» አለ አንዱ። ሌላው ለማንሣት ጎንበስ ሲል የፔጆው መከላከያ ቀደመው። ማሰሮው ለሁለት ተከፈለ።

አያልነሽ ሞተሩን አጠፋች። መሪውን እንደያዘች ፊቷን ወደ ልጇ መለሰች፤ ዓይኗ አሁንም እንደፈጠጠ ነው።

«ጨፈንኩ?»

ዮፍታሄ ማሰሮውን አየ፣ ስፌቱን አየ፣ እናቱን አየ።

«አልጨፈንሽም» አለና ለገዢው አትምጣ ሊለው ስልኩን አወጣ።