አረንጓዴው የዓይን ድንጋይ

ያን ክረምት ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጉም ነው። እንጅባራ ላይ ሐምሌ ሲገባ ጉሙ ከቀርከሃው ውስጥ ተነስቶ እስከ ክሊኒካችን በር ድረስ ይመጣና እንደ ወረፋ ጠባቂ በሽተኛ እዚያው ይቆማል። ቀኑ መቼ እንደነጋ፣ መቼ እንደመሸ አይታወቅም። በዚያ ጭጋግ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ዛሬም በግማሽ እንቅልፍ እንዳየሁት ነገር ነው የማስታውሰው፤ አንድ ቀለም ብቻ ጥርት ብሎ ቀርቶልኛል።

ዘመኑ ሃምሳዎቹ ነው። እኔ የዚያች ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሐኪም ይለኛል፤ እኔም አላርምም ነበር። ነጭ ጋዋኔን በየሁለት ቀኑ አሳጥባለሁ፤ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ እሰካለሁ፤ አንደኛው አይጽፍም።

ከሥራዬ ሁሉ የሚበዛው ዓይን ነበር። የታመመውን የዓይን ቆብ እገለብጥና ውስጡን በሰማያዊ ድንጋይ አሸት አሸት አደርገዋለሁ። ድንጋዩ ከመዳብ የሚሠራ፣ እንደ እርሳስ የተቀረጸ፣ ከዳንግላ በካርቶን የሚላክልን መድኃኒት ነው። ክፉኛ ያቃጥላል። ሰዉም የወደደው ስለሚያቃጥል ነው። እንባው እየወረደ፣ እግሩ ወለሉን እየደበደበ፣ “እሰይ፣ አገኘው” ይለኛል። ቅባት ብሰጠው ግን “ይቺን ቅቤማ ቤቴም አላጣ” ብሎ ያኮርፋል።

ከበሽተኞቼ መሀል እማማ የምላቸው አንዲት ሴት ነበሩ። ወደ ጫግኒ በሚወርደው መንገድ፣ በእግር ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ይኖራሉ። ፈታይ ናቸው፤ የእሳቸውን ክር ሸማኔ ሁሉ ይሻማበታል። ቀኝ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ግራው ገና ያያል፤ ነገር ግን ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየዞረ ይቧጭረው ጀምሯል። እማማ ከአገውኛ በቀር ብዙም ስለማይናገሩ የሚያስተረጉሙልን ባላቸው ነበሩ። አባባ የወፍጮ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው፤ አጭር፣ ደንዳና፣ ቅንድባቸው ሳይቀር የድንጋይ ብናኝ የለበሰ ሰው። አንድ ቀን “ሕክምናው ከተቋረጠ ይኸኛውም ዓይን ይሄዳል” አልኳቸው። ይህን አላስተረጎሙም። የሚስታቸውን እጅ ይዘው ወጡ።

ነሐሴ ሲገባ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው። ካርቶኑ ቀረ፤ ሰማያዊው ድንጋዬም አለቀ። እማማ ሁለት ጊዜ በዚያ ጭቃ መጥተው ባዶ እጄን አይተው ተመለሱ።

በሳምንቱ አባባ ብቻቸውን መጡ። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

“እንካ” አሉኝ። “ድንጋዬ አለቀ ስትል አልነበር? እኔ ደግሞ ድንጋይ አላጣም።”

ቅጠሉን ፈታሁት። ቡናማ አለት ስባሪ ላይ አረንጓዴ ነገር በቅሎበታል። በቅሎበታል ያልኩት ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው፤ ስስ ስስ ቅርፊቶች እርስ በርስ ተደራርበው፣ ሲያዘነብሉት ወደ ሰማያዊ የሚሄዱ፣ በዚያ በጨለመ ቀን እንኳ ከራሳቸው የሚያበሩ የሚመስሉ። ዘንገና ሐይቅ ፀሐይ ሲያርፍበት ዳር ዳሩ ላይ የሚያወጣው ቀለም ነበር።

“የት አገኙት?”

“ታች ገደሉ ውስጥ። ለወፍጮ መጅ የሚሆነኝን ስፈነቅል አለቱ ተሰነጠቀ፤ ውስጡ ይኼ ተኝቷል። ያንተው ዓይነት አይደለም?”

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን እኚህ ሰው ይህን ሁሉ መንገድ ወጥተው፣ እየተንጠባጠቡ፣ በሙሉ ልብ ያዩኛል፤ እኔ ደግሞ ነጭ ጋዋን ለብሻለሁ። አገላብጬ አየሁና “መዳብ ነው” አልኩ። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም። አንዱን ቁራጭ በሞረድ አለስልሼ፣ በጥጥ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ስሠራ ደጋግመው ስላዩ አሠራሩ አይጠፋቸውም። ጠዋት ጠዋት አንድ ጊዜ ለእማማ አሸት እንዲያደርጉላቸው ነግሬ ሸኘኋቸው።

የቀረውን መስኮቱ ላይ አኖርኩት። እነዚያን ሁለት ቀናት ሥራ ሠራሁ ለማለት ያሳፍረኛል። ሳል የያዘውን እያዳመጥኩ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነው። ከምንረግጠው መሬት ሥር፣ ከድንቹና ከገብሱ እርሻ በታች፣ ዝናብ የማያውቀው ሌላ አረንጓዴ መስክ ያለ ይመስለኝ ጀመር፤ እዚያም ማንም ሳያየው ለራሱ ሲያበራ ስንት ዘመን ኖሮ ይሆን እላለሁ። ያን ቀለም ወድጄው ነበር። ስለ ድንጋይ እንዲህ ማለት ያስቃል፣ ግን ወድጄው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ፈረንጅ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። የአገሩን አለት እየዞረ የሚመረምር ሰው ነው፤ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ ሲገፋ ተቆርጧል። እየሰፋሁለት ሳለ መስኮቱን አየና ስፌቱ ሳያልቅ ሊነሳ ቃጣ። እንደጨረስኩ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላትን አጉሊ መነጽር ይዞ ድንጋዩ ላይ ለረጅም ጊዜ ተደፋ። ከዚያ ቅንጣት ያህል ሰብሮ ከሰል ላይ አኖረና የአልኮል ፋኖሴን ነበልባል በቀጭን ቱቦ እየነፋ አጋለው።

ክፍሉን የነጭ ሽንኩርት ሽታ ሞላው።

እኔ ሳቅሁ። ከድንጋይ የወጥ ሽታ ሲወጣ ማን አይስቅም? ፈረንጁ ግን መስኮቱን ከፈተና ወደ ኋላ ገፋኝ። በእኔ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛና በእሱ ስብርባሪ አማርኛ ተጋግዘን ተግባባን። ድንጋዩ መዳብ አለበት፤ መዳቡ ግን ከአርሴኒክ ጋር የተዋሐደ ነው፤ ሽታውም የአርሴኒክ ነው። ብርቅ ድንጋይ ነው፤ እሱ ራሱ ያየው በሙዚየም መስታወት ውስጥ ብቻ ነው። በደህናው እጁ እጄን ይዞ ይወዘውዘዋል፤ ደስታው ፊቱን ሞልቶታል። አርሴኒክ የሚለውን ቃል እኔ የማውቀው ከመጋዘናችን የአይጥ መርዝ ቆርቆሮ ላይ ነበር።

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። በር ላይ ፈረሱን ይዞ የቆመ አንድ ገበሬ ነበር። አገው ፈረሱን እንዲሁ ለማንም አያውስም፤ ሰውየው ግን ፊቴን አየና ልጓሙን አቀበለኝ።

ያ ቁልቁለት በጉም ውስጥ ማለቂያ አልነበረውም። ከፈረሱ ጆሮ ወዲያ የሚታይ የለም። ዛፎች ድንገት ይመጣሉ፣ ድንገት ይጠፋሉ፤ የምሄድ ሳይሆን መንገዱ ከሥሬ የሚሸሽ ይመስለኛል። ሁለት ጠዋት አልፏል። በልቤ የማየው የእማማን ግራ ዓይን ብቻ ነው። ፈራሁ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እግዚአብሔርን ስለምን እንኳ ምን እንደምለምነው ጠፋኝ።

እማማ በራቸው ላይ ተቀምጠው እንዝርት ያሾራሉ። ኮቴ ሰምተው ቀና አሉ። ከፈረሱ ወርጄ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ፤ ሰላም እንኳ ሳልላቸው የግራ ዓይናቸውን ቆብ ገለበጥኩ። ዓይናቸው እንደነበረ ነው። ቀላ ብሏል፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልሆነም። ከደስታዬ የተነሳ እዚያው እንደተንበረከክሁ መሳቅ ጀመርኩ። እማማ አልሳቁም። በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩና ወደ ቤት ውስጥ አመለከቱኝ።

አባባ መደብ ላይ ተጋድመዋል። ቀኝ ዓይናቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ ተጥሎበታል።

“ምን አደረጉ?” አልኳቸው።

“ቀመስኩላት” አሉኝ።

በአገራችን ጠላ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም፣ ይኸው እኔም ጠጣሁት ለማለት ነው። አባባ ያንኑ ነው በራሳቸው ዓይን ያደረጉት።

“ለእንግዳ ጠላ ስቀዳ እቀምሳለሁ፤ ለእሷ ዓይን ሳልቀምስ ልስጥ?” አሉ፤ ነገሩ የሚጠየቅ አልመሰላቸውም። “ያንተው ያቃጥልና ይተዋል። ይኼ ግን አልተወኝም። ትናንት አንድ ጊዜ አሸሁት፤ ዛሬ ይሻል ይሆን ብዬ ደገምኩት። ከዚያ ለእሷ አይሆንም አልኩና ወንዝ ጣልኩት።”

ጨርቁን አነሳሁ። ውኃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ እስኪመሽ ድረስ አጠብኩላቸው። ከዚያም በፈረሱ ላይ አድርጌ ክሊኒክ ወሰድኳቸውና ሳምንታት አስታመምኩ። ዓይኑ አልተመለሰም፤ ብሌኑ ላይ ነጭ ጠባሳ ቀረበት።

አንድ ቀን ፋሻውን እየቀየርኩ አፌን ሞልቼ ነገርኳቸው። “ያጠፋሁት እኔ ነኝ አባባ። ሳላውቅ አውቃለሁ አልኩ።”

“እኔስ?” አሉ። “ዕድሜ ልኬን ድንጋይ አውቃለሁ ስል ኖሬ።” ይህን ያሉት ሊያጽናኑኝ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ይልቅ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ተከፈተና መድኃኒቱ መጣ። እማማ በየሳምንቱ እየተመላለሱ ታከሙ፤ ወደ ውስጥ የሚዞሩትን ሽፋሽፍት እያንዳንዳቸውን ነቀልኩላቸው። ጥር ላይ ግራ ዓይናቸው ጠራ።

በዚያው ሰሞን ከፈረንጁ ደብዳቤ ደረሰኝ። ይዞት የሄደው ድንጋይ እንዳለው ብርቅ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዚህ አገር ሲገኝ እሱ የሚያውቀው የመጀመሪያው ነው። ስለ ግኝቱ ሊጽፍ ነውና ያገኘው ሰው ማን እንደሆነ፣ ሌላም የሚባል ካለ፣ እንድጽፍለት ይጠይቃል። ወረቀት አወጣሁና የራሴን ስም ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ሳየው ደስ አለኝ። ሳላጥፈው ትንሽ አቆየሁትና ቀደድኩት።

እሑድ ወረድኩ። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር፤ ያን መንገድ ያለ ጉም ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። አባባ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። እማማ ፈንጠር ብለው በሰፌድ ምስር ይለቅማሉ፤ ጠጠሯን እያዩ በጣታቸው አንስተው ይጥሏታል። ደብዳቤውን አንብቤ ተረጎምኩላቸው። ስማቸው በፈረንጅ አገር እንደሚጻፍ፣ ሌላ የሚሉት ነገር ካለም እንደምጨምርበት ነገርኳቸው።

አባባ ብዙ አላሰቡም። በቀረችው ዓይናቸው ሰፌዱን እያዩ፣

“ባለቤቴ ታያለች ብለህ ጻፍ” አሉኝ።

ስማቸውን ጻፍኩ። ከሥሩም፣ ፈረንጁ ያንብበው አያንብበው ሳልጨነቅ፣ ያሉኝን በአማርኛ ጨመርኩበት።