እትዬ ብርነሽ ያጠቧቸው ቲሸርቶች

የሳሚ ፊት ዛሬ ከማተሚያ ማሽኑ ደብዝዞ ወጣ። ጭጋግ ውስጥ የቆመ ሰው ይመስላል።

ሳሚ ጓደኛዬ ነበር። ነገ አርባው ነው፤ ቤተሰቡ ፎቶው ያለበት ነጭ ቲሸርት ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። የማትመው እኔ ነኝ፣ እዚህ ካናዳ፣ ኤድመንተን ቤቴ ሳሎን ውስጥ።

ጥጥ ቀለም ይጠጣል። ስለዚህ ከማተሜ በፊት ፈሳሽ እረጭበትና አደርቀዋለሁ፤ ያኔ ቀለሙ ላዩ ላይ ይቀራል፣ ፊትም ፊት ይመስላል። ትናንት ሁሉንም ረጭቼ ጨረስኩ። ፈሳሹም አለቀ።

ዛሬ ከሺፍት ስመለስ የሳሚ እናት እትዬ ብርነሽ ሊያግዙኝ በሰጠኋቸው ቁልፍ ገብተው ቲሸርቶቹን ተኩሰው ደርድረዋቸዋል። አመስግኜ ማተም ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ደበዘዘ። ሁለተኛውም። ማሽኑን ቼክ ባደርግ ምንም የለበትም።

እትዬ ከኋላዬ ቆመው፣ «ጨርቁ ድርቅ ብሎ ሲሸተኝ ጊዜ ሁሉንም በሳሙና ፈተግ ፈተግ አደረግኳቸው። ለልጄ ንጹሕ ይሁን ብዬ» አሉኝ።

(ስንት ዓመት የፈሳሹን መጠን ሳስተካክል ኖሬ፣ «አይታጠብም» ብዬ ወረቀት መለጠፍ አልመጣልኝም።)

ፈሳሹን የሚሸጠው ሱቅ እስከ ሰኞ ዝግ ነው።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ማሽኑ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ ማሽኑ ነው።»

እናንተስ፣ በፍቅር የተበላሸ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? ላበላሸው ሰው እንዴት ብላችሁ ነገራችሁት?

ቶሎ መልሱልኝ። እትዬ ፊቱ ይጠራ እንደሆነ ብለው ያተምኩትን ይዘው መታጠቢያ ቤት ገብተዋል። የውሃው ድምፅ ይሰማኛል።